በብርድ የሚዋሸው ከፍታ መለኪያ

ረቡዕ፤ ከቂርያት ጋት እስከ አፉላ

ረቡዕ ጠዋት ከቤቴ ስነሣ በአንድ እጄ የመሣሪያ ሣጥኔን፣ በሌላው እናቴ ለወንድሟ የላከችውን የሽሮ ከረጢት ይዤ ነበር። ሣጥኑ ከባድ ነው፤ ከረጢቱ ይብሳል። እናቴ ከቂርያት ጋት ወዲያ ሽሮ የሚሸጥ አገር ያለ አይመስላትም።

ሥራዬ የአሮጌ አውሮፕላን መለኪያ መጠገን ነው። ሙያውን የተማርኩት በውትድርና ሳለሁ ሲሆን ከዚያ ወዲህ በአንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ተቀምጬ ከፍታ መለኪያ፣ ፍጥነት መለኪያ፣ የዘይት ግፊት መለኪያ እየፈታሁ አጸዳለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች ስክሪን ይወዳሉ። እኔ መርፌ ያለው ነገር እወዳለሁ። መርፌ አልንቀሳቀስ ሲል ምክንያት አለው፤ ተፈልጎም ይገኛል። ሰው ላይ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አላገኘሁም።

የተጠራሁት በአጎቴ ነው። ጋሼ ደሴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው ከመጡት መካከል ነበሩ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚኖሩት አፉላ ነው። ሥራቸው ከከተማው ወጣ ብላ በእርሻ መሀል ያለች የአንዲት ትንሽ ማኮብኮቢያ ሃንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን ማደሪያ፣ መጠበቅ ነበር። አሁን ጡረተኛ ቢሆኑም ሃንጋሩን አልተዉትም። የመጨረሻ ልጃቸው ኦርሊ እዚያው አውሮፕላን እያየች አደገች፤ አድጋም አብራሪ ሆነች። በሥራ ቀን ሒሳብ ታስተምራለች፤ የተረፋትን ጊዜ ሁሉ ሰማይ ላይ ታሳልፋለች።

ባለፈው ወር ውርጭ በጣለበት አንድ ጠዋት ኦርሊ ብቻዋን በርራ ስትመለስ ከሚገባው በላይ ዝቅ ብላ መጣች። ከሥሯ ጉም ተኝቷል፣ ከፊቷ ፀሐይ ትወጋታለች። ጎማዋ የእርሻ አጥር መታና ተጣመመ። ከአጥሩ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። በሕይወት የተረፈችው በዚያች ትንሽ ርቀት ነው። እሷ «መለኪያው ገና ከፍ ያልሽ ነሽ ይለኝ ነበር» አለች። መለኪያውን ነቅለው ወርክሾፕ ወሰዱት፤ መረመሩት፤ ምንም ሕመም የለበትም ተባለ። ስለዚህ ጥፋቱ የኦርሊ ሆነ። የአውሮፕላኗ ባለቤት ቁልፉን ቀማት፤ ለመጪው ረቡዕ ደግሞ ቫዓዳ ፊት ተጠራች። ቫዓዳ የሚሉት የአብራሪነት ፈቃዷን ሊነጥቃት ወይም ሊተውላት የሚችለውን ኮሚቴ ነው።

ጋሼ ደሴ ስልክ ደውለው «አስቴርዬ፣ ልጄ ዋሽታ አታውቅም» አሉኝ። «የዋሸው ያ መለኪያ ነው። ነይና ጥፋተኛውን አግኚልኝ።»

ሐይፋ ላይ ወርጄ አፉላ ወዳለበት ሸለቆ የሚገባውን ባቡር ያዝኩ። ግማሹ ተሳፋሪ ሻንጣው ላይ ተደግፎ የተኛ ወታደር ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላ የለበሱ እናት ሣጥኔን ትክ ብለው አዩና «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አገራችንን ጠየቁኝ፤ ወገራ አልኳቸው። ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ።

«ደሴ! ያ አውሮፕላን አጣቢው ደሴ?»

«ጠባቂ ናቸው» አልኳቸው።

«አጣቢ ነው እንጂ። እንደሱ ንጹሕ ሰው አፉላ ውስጥ የለም» አሉና ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። ብርቱካኑን በላሁ፤ የተናገሩትን ግን ልብ አላልኩትም።

አፉላ ስደርስ ነፋሱ ፊቴን ገረፈኝ። ኦርሊ ጣቢያው በር ላይ መኪናዋን አቁማ ጠበቀችኝ፤ ወደ ሰፈራቸው፣ ወደ አፉላ ኢሊት፣ ዳገቱን ይዘን ወጣን። በልጅነቷ ወሬ የማይቆምላት ነበረች። አሁን ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ እናቴ ጤና ብቻ ጠየቀችኝ። ስለ አውሮፕላኗ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ፍርዱ ከብዷት ነው ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ፤ ሃንጋሩ

ማኮብኮቢያዋ በሁለት የስንዴ ማሳ መሀል የተዘረጋች ጠባብ አስፋልት ናት። በስተ ሰሜን የታቦር ተራራ ክብ ጀርባ ይታያል። ሃንጋሩ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ከውጭው ይበርዳል።

አውሮፕላኗ ቢጫ ናት፤ የተጣመመው ጎማዋ ተቀይሯል። ክንፏ በጨርቅ ተወጥሮ ቀለም የተቀባ ሲሆን የምትይዘው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ገላዋ ግን ከኔ ያምራል። አንዲት የዘይት ጠብታ፣ አንዲት የአቧራ መስመር ብፈልግ አላገኘሁም። የጋሼ ደሴ እጅ ነው። ባለቤቷ ጊዶን ደግሞ በወጣትነቱ በዚሁ ሸለቆ የጥጥ መድኃኒት ከአየር ይረጭ የነበረ፣ የሱፍ ቆቡን ከራሱ የማያወልቅ ረጅም ሽማግሌ ነው። ኦርሊን ያስተማራት እሱ ነው፤ የከሰሳትም እሱ።

«ወርክሾፑ ጤነኛ ነው ብሏል» አለኝ፤ ሰላምታው ይኸው ነበር።

«ወርክሾፑ ውስጥ ማሞቂያ ነበረ?»

«ይኖራላ።»

«እንግዲያው ያየው ሌላ መለኪያ ነው» አልኩት።

ነገሩን በቀላሉ ላስረዳ። ከፍታ መለኪያ መሬትን የሚያይበት ዐይን የለውም። የሚያውቀው አየርን ብቻ ነው። ከአውሮፕላኗ ጎን ካለች ከምስር ፍሬ ካነሰች ቀዳዳ በቀጭን ቱቦ የሚመጣለትን አየር ይመዝናል። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ መርፌውም ይወጣል፤ ሲወርድ ይወርዳል። መንገዱ ከተደፈነ ግን መርፌው ባለበት ይቀራል። አውሮፕላኗ ትወርዳለች፣ መርፌው አይወርድም።

በብርድ ብቻ የሚመጣ ሕመም በብርድ ነው የሚፈለገው። ሁለት ነገር ጠረጠርኩ። አንደኛው የመለኪያው የራሱ ቅባት ነው፤ ያረጀ ቅባት ሲበርደው ይጠጥርና መርፌውን ይይዘዋል። ሁለተኛው ቱቦው ነው። ቱቦውን እስካሁን ማንም አልነካውም። ሐኪሞቹ በሽተኛዋን ቤት ትተው ምላሷን ብቻ ወስደው መርምረዋል።

መለኪያውን ፈትቼ በላስቲክ ጠቀለልኩና ማታ አፉላ ኢሊት ይዤው ገባሁ። የጋሼ ደሴ ባለቤት እትዬ ወርቄ የፍሪዘሩን በር ይዘው ቆሙ።

«ይኼ ነገር ከዶሮው ጋር ሊያድር ነው?»

«ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«ንጹሕ ነው?»

«ባለቤትዎ ያጸዱት ነው» አልኳቸው። ያኔ ዶሮውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ጋሼ ደሴ ሳቁ፤ ኦርሊ አልሳቀችም።

ዓርብ፤ ውርጭ

ጎህ ሲቀድ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ከጋሼ ደሴ ጋር ሃንጋሩን ከፈትን። የቀዘቀዘውን መለኪያ በስሪንጅና በጎማ ቱቦ ቀስ ብዬ አየሩን ሳብኩበት። መርፌው ያለ አንዳች መንገራገር ወጣ፤ ስለቀው ወረደ። ደጋገምኩት። ቅባቱ ንጹሕ ነው። መለኪያው እውነተኛ ነው።

ቀጥዬ ከኋላ ወንበር ጀርባ ገብቼ ቱቦውን ተከተልኩት። አንድ ቦታ ላይ እንደ ሆድ ወደ ታች ረግቧል። መጋጠሚያውን ስፈታው ውሃ ጠብ ጠብ አለ፤ በመጨረሻም የጥፍር ቁራጭ የምታክል በረዶ ወጣች። ያንን ሳይ ደረቴ ቀለል አለኝ። ኦርሊ አልዋሸችም፣ አልተሳሳተችምም። ውሃው መሬት ላይ ሳለች ውሃ ነበር፤ ላይ ወጥታ ብርዱ ሲበረታ ቱቦው ውስጥ ረጋ። ካረፈች በኋላ ፀሐይ አሟሟችው፣ ማስረጃውም ጠፋ።

ጋሼ ደሴ መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ፈጣሪን አመሰገኑ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ። ለእትዬ ወርቄ ደወሉላቸው። እኔ ቱቦውን በአየር ነፍቼ፣ አድርቄ፣ መለኪያውን ቦታው መለስኩ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ባትሪ ያበሩልኝ ነበር።

ጊዶን ግን እኔን ራሴን የሚያስጨንቀኝን ጥያቄ ጠየቀኝ። «ውሃው ከየት ገባ?»

ጣሪያው አያፈስም። ዝናብ ከጣለ ቆይቷል። በጤዛ ነው እንዳልል ውሃው ለጤዛ በዝቷል። «ምንጩን ሳላገኝ ተጠግኗል አልልም» አልኩት። እሱም ማክሰኞ ሊገዛት ለሚመጣ ሰው አብርሮ እንደሚያሳይ ነገረኝ። እንደሚሸጣት የሰማሁት ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ አፉላ ኢሊት ሰንበት ሊገባ ሽር ጉድ ሲል ካቻቢቴዬን ሃንጋር ረስቼ መምጣቴ ትዝ አለኝና የኦርሊን መኪና ይዤ ተመለስኩ። ከሩቅ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ደሴ ቦት ጫማ አድርገው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው አውሮፕላኗን ያጥባሉ። በእጃቸው ያለው ውሃ በኃይል የሚረጭ አዲስ ማጠቢያ ነው።

«ምነው መጣሽ? ልጨርስ ነው» አሉኝ። «አገራችን እያለን ዓርብ ዕለት ሰውም ልብስም ዕቃም ወንዝ ወርዶ ይታጠብ ነበር። ያልታጠበ ነገር ይዞ ሰንበት አይገባም። ይቺም የቤት ሰው ናት፤ ዓርብ ዓርብ አጥባታለሁ።»

ሲናገሩ እጃቸው አላቆመም። ውሃው የአውሮፕላኗን ጎን ከላይ እስከ ታች ጠረገና ያቺ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ዘገየ፤ ቀዳዳዋ ዙሪያ ትንሽ እድፍ ስለነበረ ደጋግመው አጠቡት።

ውሃው ከየት እንደገባ ያኔ ገባኝ፤ ግን አልነገርኳቸውም። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ደስ ብሏቸዋል። ሰንበት ሊገባ ሲል መርዶ የመሰለ ወሬ በኛ ዘንድ አይነገርም። ደግሞ ለራሴ፣ ገና አላረጋገጥሽም አልኩ። ካቻቢቴዬን አንሥቼ አብረን ወደ ቤት ሄድን።

ቅዳሜ፤ ሰንበት

ከጸሎት ቤት መልስ ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ጎረቤቶች መጡ። ጋሼ ደሴ ነጭ ለብሰው በማዕዱ ራስ ተቀምጠዋል። አንዱ ጎረቤት ስለ አውሮፕላኗ ሊጠይቀኝ ሲጀምር «የሥራ ወሬ ለነገ» ብለው ከለከሉት፤ ቀጥሎም ወደኔ ዞረው የዳቦውን ለስላሳ መሀል ሰጡኝ። ጥፋተኛ ሳልሆን የጥፋተኛ ጉርሻ የጎረስኩ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የረዘመ ሰንበት አላስታውስም።

አመሻሽ ላይ ኦርሊ ለእግር ጉዞ ይዛኝ ወጣች። ሸለቆው ከታቻችን ተዘርግቶ ይታያል። መናፈሻ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ቀድማ ተናገረች።

«አኒ ዮዳአት» አለች። «አውቃለሁ፣ አስቴር። ከየት እንደሚገባ አውቃለሁ።»

«እንዴት?» አልኳት።

«ከዚያ ቀን በኋላ ዓርብ ሲያጥባት አየሁት። ቀዳዳዋ ላይ ሲረጭ። ባ-ሮሽ ሼሊ ሁሉም ነገር ተገጣጠመ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ። ዱሮ በጨርቅና በባልዲ ነበር የሚያጥባት፤ ምንም አይሆንም ነበር። ያንን ማጠቢያ የገዛሁለት እኔ ነኝ። ወገቡን ስለሚያመው።»

«እና ዝም አልሽ? ፈቃድሽን ሊነጥቁሽ?»

«ፈቃዴን ቢወስዱ ሌላ ነገር እሠራለሁ። ሞራ ነኝ፣ አስተማሪ። እሱ ግን ልጁን ሊገድል እንደነበር ቢሰማ ሌላ ምን ይሠራል?» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ጊዶን ይሸጣታል፣ ነገሩ ያልቃል። ዴይ፣ ይበቃል። አባቴን ተይልኝ።»

ተናደድኩባት፤ አዘንኩላትም። «ማክሰኞ ጊዶን ይዟት ይወጣል» አልኳት። «ከኋላው የሰው ልጅ ያስቀምጣል። ውርጭ ቢጥልስ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ የኛ ሰዎች። ልጅቷ የደበቀችው የሰው በሽታ ነው፤ እሱም በፍቅር። እኔም ብሆን በሷ ቦታ ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አልነበርኩም። ስንነሣ «እነግራቸዋለሁ» አልኳት። «እኔ እዚያ አልቆምም» አለችኝ።

እሑድ፤ መዳፍ ላይ

እሑድ ጠዋት ውርጩ ከዓርቡ ይብስ ነበር። መንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ለጊዶን ቢሆን በሁለት ቃል እጨርሰዋለሁ። በአማርኛ፣ አንቱ እያልኩ፣ በልጅነቴ ላዘሉኝ ሰው ሲሆን ግን ቃሉ አልገጣጠም አለኝ። በመጨረሻ መሣሪያዬን ማመን መረጥኩ።

«ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ። እጅዎን ከዚህች ሥር ይያዙልኝ» አልኳቸው።

መጡ። መጋጠሚያውን ፈታሁት። ውሃው መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ፤ ከውሃው ጋር ስስ በረዶ ወረደ።

«ዓርብ ጠዋት ይህን ቱቦ ሳደርቀው ቆመው አይተዋል» አልኳቸው።

«አይቻለሁ።»

«ከዚያ ወዲህ ዝናብ አልዘነበም።»

«አልዘነበም» አሉ፤ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። በረዶዋን አዩ። ቀና ብለው የአውሮፕላኗን ጎን አዩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማጠቢያ። በረዶዋ መዳፋቸው ላይ ቀለጠች።

«እኔ ነኝ» አሉ።

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። «ሰንበትን አከብር ብዬ ልጄን...» ብለው ቀሪውን ዋጡት። እግራቸው አጠገብ ተንበርክኬ ቀዳዳዋ ስትታጠብ መሸፈን እንዳለባት፣ ይህንን ማንም እንዳልነገራቸው፣ አዲሱ ማጠቢያ ጉልበቱ እንደሚበዛ አስረዳሁ። የሰሙኝ አይመስለኝም። ሌላ ነገር ነበር የሚያስቡት።

«ኦርሊ ታውቃለች?» አሉኝ።

አታውቅም ማለት እችል ነበር። «አዎ» አልኳቸው።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«እንዳይጎዱ ብላ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አርጅቻለሁ» አሉ። «ሰው እውነት የሚደብቀው ከሕፃንና ከሽማግሌ ነው። ልጄ እውነቱን የማልችል አድርጋ ቆጠረችኝ።»

ከጥፋቱ ይልቅ የጎዳቸው ይኸኛው ነበር። እኔ ለዚህ አልተዘጋጀሁም።

ጊዶን ሲመጣ እኔ ላስረዳው ተነሣሁ፤ እሳቸው ግን እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ «አኒ ሳምቲ ማይም» አሉት፤ ውሃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ ማለታቸው ነው። «አኒ። ሎ ሂ።» እኔ እንጂ እሷ አይደለችም።

ጊዶን የሱፍ ቆቡን አወለቀ። ቱቦውን ራሱ አይቶ ተመለሰ። «ደሴ፣ ያቺን ቀዳዳ ሸፍን ብዬ ልነግርህ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ» አለ። «ልጅቷን ግን ዐይንሽ የት ነበር ብዬ ሰው ፊት ጮኼባታለሁ። ረቡዕ አብሬያት እገባለሁ።»

እሑድ በዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፤ ማታ ኦርሊ ከሥራ ስትመለስ ሳሎኑ ውስጥ ሁላችንም ነበርን። ቦርሳዋን ሳታወርድ የአባቷን ፊት አይታ አወቀች። ጋሼ ደሴ ብዙ አልተናገሩም። «ሁለተኛ እንዳታዝኚልኝ» አሏት። «ክፉም ቢሆን ንገሪኝ። አባትሽ ነኝ።» እሷ «ቤሴደር፣ አባዬ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ሌላ ቦታ አዩ። እትዬ ወርቄ እራት አቀረቡ፤ በላን።

ሰኞ፤ በረራው

የረገበውን ቱቦ አንሥቼ አሠርኩት፤ ዝቅ ባለው ቦታ ውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ገጠምኩለት። የተጠገነ መሆኑ የሚታወቀው ግን በብርድ ሲበር ነው። ሰኞ ጠዋት ሣሩ አሁንም ነጭ ነበር፤ ኦርሊም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ መጣች። ጊዶን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለኦርሊ ዘረጋላት። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እጁ ግን ቁልፉን ከሰጣት በኋላም ትንሽ ቆየ።

ብቻዋን ወጣች። ቢጫዋ አውሮፕላን ከማሳው በላይ ተነሥታ ከጉሙ አልፋ ከፍ አለች፤ ብርዱ ወደሚበረታበት። ጋሼ ደሴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዐይናቸውን አልነቀሉም። እኔ ከሙያዬ ይልቅ ጸሎት ላይ ነበርኩ። ዞራ፣ ዞራ፣ ወረደች፤ አጥሩን ከበቂ በላይ ከፍ ብላ አለፈችና ጎማዋ አስፋልቱን ነካ። መርፌው የሜዳውን ከፍታ በትክክል ያሳይ ነበር።

ሞተሩ ሳይጠፋ ጋሼ ደሴ ወደ አውሮፕላኗ ተራመዱ።

«እኔም ልውጣ» አሉ።

ጊዶን ግራ ገብቶት አየኝ። ጋሼ ደሴ እኒህን ሁሉ ዓመታት አውሮፕላን ሲያጥቡ፣ ሲጠብቁ፣ ሲገፉ ኖረዋል፤ ከአዲስ አበባ ከመጡበት ቀን በኋላ ግን አንድም ቀን ተሳፍረው አያውቁም። ከፍታ ያስፈራቸዋል። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸው ፊት ማንም አያነሣውም።

«ጋሼ፣ ግድ የለም እኮ» አልኳቸው።

«አለ እንጂ» አሉኝ። «ያ ነገር ዳግመኛ የሚዋሽ ከሆነ ለኔም ይዋሽ።»

ጊዶን የኋላውን በር ከፈተላቸው። ቀበቶውን እኔ አሠርኩላቸው። ኦርሊ ዞራ አየቻቸው፣ የጆሮ ማዳመጫውን አቀበለቻቸው፣ ከዚያም ወጡ። አውሮፕላኗ የታቦርን አቅጣጫ ይዛ አንሳ እስክትጠፋ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። ሲመለሱ ጋሼ ደሴ እግራቸው መሬት እንደነካ በክንፉ ተደግፈው ቆሙ፤ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ወደ ሃንጋሩ ገቡ። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ወደ ቤት

ከሰዓት በኋላ ኦርሊ አፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አደረሰችኝ። ሣጥኑ አልቀለለም፤ በሽሮው ከረጢት ምትክ ደግሞ እትዬ ወርቄ ለእናቴ የላኩት ዳቦ ተተካ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ፈላፍል በልቼ የአፉላ ሱፍ ፍሬ ገዛሁ፤ ሻጩ አሥር ሼቄል ተቀብሎ በእጁ አንድ እፍኝ ጨመረልኝ። ወታደሮች፣ ተማሪዎች፣ ከፈረቃ የወጡ ሠራተኞች ብርዱን ሽሽት ግድግዳው ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። መንገዱን ሙሉ አልተኛሁም።

እኔ ለትልቅ ሰው ክብር ማለት ክፉ ነገርን ከፊቱ ማራቅ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ለብዙ ነገር ይሠራል። ግን አጎቴን ያዋረዳቸው ስህተታቸው አልነበረም፤ አይችሉትም ተብለው መታለፋቸው ነው። ከአፉላ ይዤ የተመለስኩት ትምህርት ይኸው ነው፤ ለመማር ያን ያህል ብርድ ማስፈለጉ ይገርመኛል። ቤቴ የደረስኩት ሲመሽ ነበር፤ እናቴ በሩን ከፍታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሽሮው ነው።

ረቡዕ ማታ ጋሼ ደሴ ደወሉ። ጊዶን ቃሉን ጠብቆ ቫዓዳው ፊት አብሯት ገብቶ፣ እሳቸውም ገብተው፣ ፈቃዷ እንደተተወላት ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ስልኩን ይዘጋሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አስቴርዬ፣ የዚያን ቀን ላይ ሆነን ኦርሊ በማዳመጫው 'አባዬ፣ ፈርተሃል?' አለችኝ። አልፈራሁም ልል ነበር። ተውኩትና 'አዎ፣ በጣም' አልኳት። 'እኔም' አለችኝ። 'ከዚያን ቀን ጀምሮ እፈራለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም' አለችኝ።»

«ታዲያ ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? 'በይ እንግዲህ፣ ሁለታችንም እንደፈራን እናርፋለን' አልኳት» አሉ። «አረፍን።»